ፍሬን ዘይት አይቀባም

ጎማዬ ተንፍሶብኝ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስመጣ፣ በቀኝ በኩል ጋሽ ዘይቴ፣ በግራ በኩል የወንድማቸው ልጅ በየበራቸው ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱም ብስክሌት ጠጋኞች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ጠባብ መንገድና አንድ ትልቅ ቅናት አለ። እንግዲህ የማንን ደጅ ልርገጥ? መምህር ነኝና ለማንም አላዳላም፤ ዕድሜ ይከበር ብዬ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

"አውቄዋለሁ፣ መምህር!" አሉ ጋሽ ዘይቴ፣ ገና ጎማዬን ሳያዩት። "ያ ማዶኛው የጠገነው ነው።"

"ኧረ እርስዎ ነዎት የጠገኑት!"

"እንግዲያው መንገዱ ነው ጥፋተኛው" አሉና በርጩማ ሳቡልኝ።

ስሙ የወጣላቸው ከእጃቸው በማትለየው የዘይት ጣሳ ነው። "ዘይት የማይፈታው ችግር የለም" ባይ ናቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል፤ "ሙያ በሳሙና አይለቅም" እያሉ ይኮሩበታል። የወንድማቸውን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሙያውን ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። ልጁ ቴክኒክ ተምሮ ሲመለስ ግን ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ "ኢንጂነሩ" ይሉታል፤ ለማሞገስ እንዳይመስላችሁ።

"እዩልኝ እስቲ" አሉ ጎማዬን እየፈቱ፤ ዐይናቸው ግን ማዶ ነው። "ያ ባለ ባርኔጣ የእኔ ደንበኛ ነበር። አሁን ሰላምታም ነፈገኝ። ምን አቅምሷቸው ነው?"

"አዲስ ዕቃ ይገጥምላቸዋላ።"

"ዕቃማ የድሮው ነበር! ፍሬኑ የብረት ዘንግ፣ ፔዳሉን የሚይዘው በመዶሻ የገባ ሽብልቅ፣ መብራቱ ከጎማው ጋር እየተሻሸ የሚበራ ዲናሞ። አባት ለልጅ ያወርሰዋል። የዛሬው ፍሬን እኮ በሽቦ ይሳባል፣ የሚይዘውም ሳህን የምታህል ክብ ብረት ነው። ሰው በሳህን ይቆማል?"

"ጥንካሬውን ማን ይክዳል?" አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ። "ነገር ግን ዝናብ ሲሆን የድሮው ፍሬን ላስቲክ እርጥብ ቸርኬ ላይ ሙልጭ ይላል። ያቺ ሳህን የሚሏት ዲስክ ግን ከመሬት ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ጭቃው እንደልቡ አያገኛትም። ዲናሞው ሲቆሙ ይጠፋል፤ የባትሪው ቆመውም ይበራል። ሽብልቁ በላላ ቁጥር መዶሻ ነው፤ የዛሬውን በመፍቻ ጠበቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ።"

"እርስዎም ማዶ ሄደው ኖሯል እንዴ?" አሉኝ በጎሪጥ እያዩ። ቅናት ሲብስባቸው እኔንም አይምሩም።

መልስ ሳልሰጥ ልጃቸው ከማዶው ሱቅ ወጣች። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከዋናው መንገድ ባሻገር ባለው ክሊኒክ ነርስ ናት። አባቷ የሠሩላት የድሮው ብስክሌት ላይ ሳይሆን፣ አዲስ ባለ ዲስክ ብስክሌት ላይ ተቀምጣለች። እየሳቀች መጥታ ደጃችን ላይ ፍሬን ያዘች፤ ዲስኩ ሲጥ! አለ።

የጋሽ ዘይቴ ፊት አመድ መሰለ። "የገዛ ልጄ!" አሉ።

"አባዬ፣ አትቆጣ። ባለፈው ዝናብ የድሮው ፍሬን አልይዝ ብሎኝ እግሬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ ነው የቆምኩት። እንዳይከፋህ ብዬ ዝም አልኩ።"

"ለእኔ ዝም አልሽኝ፤ ለእሱ ነገርሽው!"

እሷም ደንግጣ፣ "ቦርሳዬን ላምጣና እናወራለን" ብላ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገባች። ጋሽ ዘይቴ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። ቀስ በቀስ ፊታቸው ሲፈካ አየሁ።

"ሰምተዋል፣ መምህር? ይጮኻል! ኢንጂነሩ ዘይት ነፍጎታል። ልጄ የማን እጅ እንደሚሻል ዛሬ ታያለች" አሉና ጣሳቸውን አንስተው ሰንሰለቱን አጠጡት፤ ከዚያም ዲስኩን በግራም በቀኝም ጥሩ አድርገው ቀቡት። እኔስ? አወቅሁ ባዩ መምህር? ስለ ዲስክ ያን ሁሉ ሰብኬ፣ ሲቀባ ራሴን እየነቀነቅሁ አየሁ።

ልጅቷ ወጥታ መንኮራኩሩን አሽከረከረችው፤ ድምፅ የለም። "ተባረክልኝ አባዬ፣ አልተቀየምከኝም ማለት ነው!" ብላ ጉንጫቸውን ሳመችና ቁልቁለቱን ያዘች። ጋሽ ዘይቴ ደረታቸውን ነፍተው ማዶ አዩ።

የወንድማቸው ልጅ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። "እንደምን አደሩ፣ ጋሼ። ብስክሌቱን እንዴት አዩት?"

"ይጮህ ነበር፤ ዘይት ቀባሁልህ።"

"ሰንሰለቱን ነው አይደል?"

"ሰንሰለቱንም፣ ሳህኑንም።"

ልጁ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ መለሰ። ደጁ ላይ የቆመ የሰው ብስክሌት ነጥቆ ቁልቁለቱን ተወረወረ። "ምን ሆነ?" አሉ ጋሽ ዘይቴ፤ ወዲያው ግን ጣሳቸውን አዩ፣ ዘይት የነካውን ጣታቸውን በአውራ ጣታቸው አሹት። ሙልጭልጭ አለባቸው። "ኧረ ልጄን!" ብለው ሮጡ። ያን ያህል ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ከኋላቸው ስሮጥ ተረቱን ጠላሁት።

ልጅቷን ያገኘናት ከዋናው መንገድ ዳር፣ ለግንባታ በተከመረ አሸዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው። መሪውን ወደ አሸዋው ባትጠመዝዘው በመንገዱ ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጋር ነበር የምትገናኘው። ጉልበቷ ተፍቋል። የአጎቷ ልጅ አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" ሲላት ደረስን። "ፍሬኑን ሳልፈትሽ ነው የሰጠሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እንግዲህ እዩ! ጋሽ ዘይቴ ሲመኙት የኖሩት ነገር ይኸው ነበር፤ ማዶኛው በገዛ አፉ ተዋርዷል፣ ለዚያውም በልጃቸው ፊት። ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። እሳቸው ግን አሸዋው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

"ይዋሻል፣ ልጄ። ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው። ለእሱ የምትስቂውን ሳቅ ሳይ ሆዴ ተቃጠለ። ከእሱ አስበልጠሽ እንድታመሰግኚኝ ብዬ ልገድልሽ ነበር።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። "አንተስ ለምን ሸፈንክልኝ?"

"ፍሬን መፍታት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። በልጅዎ ፊት እንዴት ላዋርድዎ?"

"ታዲያ ዲስክ ዘይት እንደማይወድ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ አስጠጉኝ?"

ጋሽ ዘይቴ እጃቸው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ አራገፉና፣ "በል አሁን አስተምረኝ" አሉ።

"የሚዞረው ነገር ዘይት ይወዳል፤ እሱን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። የሚይዘው ነገር ግን ዘይት ይጠላል። ሲጥ ማለቱም አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሠራበት ይተወዋል። አሁን ዲስኩ በአልኮል ይጠረጋል፤ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ሸራ ግን ዘይት ጠጥቷልና ይለወጣል። ከዚያ በኋላ በእጅ ቅባት እንኳ አይነካም።"

"በእጅ ቅባት እንኳ!" አሉ፣ ጥቁር መዳፋቸውን እየገለበጡ።

አንባቢ ሆይ፣ የድሮው ሁሉ ይጣል የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። የድሮ ብስክሌት ያለው ዛሬም ወደ ጋሽ ዘይቴ ይሄዳል፤ ራሱ ኢንጂነሩ ነው የሚልክላቸው። ነገር ግን ዝናብ ላይ የሚይዝ ፍሬንና ቆመውም የሚበራ መብራት ሰውን በሰላም ቤቱ ያገባሉ፤ አዲስ ዕቃም አዲስ ትምህርት ይፈልጋል። ቅናት ደግሞ ማዶ ያለውን ትምህርት ተሻግሮ እንዳይወስዱት ያደርጋል። ጋሽ ዘይቴ አሁን ተሻግረው ይጠይቃሉ። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃቸው አልልም፤ ባለ ባርኔጣው ሲያልፍ አሁንም በዐይናቸው ይሸኙታል።

ትናንት ጠዋት በዚያ ሳልፍ ልጃቸው ብስክሌቷን ይዛ ደጃቸው ላይ ቆማ ነበር። የዘይት ጣሳዋ መደርደሪያው ላይ ናት። ጋሽ ዘይቴ ባልዲ ላይ አጎንብሰው እጃቸውን በሳሙና ይፈትጋሉ፤ ያጥባሉ፣ ያሸታሉ፣ እንደገና ያጥባሉ። ሲጨርሱ እንደ ተማሪ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

"ንጹሕ ነው?" አሉ።

"ንጹሕ ነው፣ አባዬ" አለችና ብስክሌቷን ሰጠቻቸው።