አማርኛ የሚሰማው ፈረስ

እዚህ ፈረንጅ አገር ኤቨረት ከተማ አካባቢ የካውቦይ ግልቢያ ስማር ዳማ የሚባል ፈረስ ገዝቼ ራሴ ገራሁት። ሥራ አላፈናፍን ሲለኝ ግን ሸጥኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የገዛው ሰውዬ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ኮል አደረገልኝ። «ዎ! ስለው አይቆምም፤ ምን ብለህ ነው ያስተማርከው?» አለኝ። ለካስ ሁሉንም ያስለመድኩት በአማርኛ ነው! «እስቲ ስፒከር ላይ አድርገኝ» አልኩትና «ቁም ዳማዬ!» ብዬ ጮኽኩ። የኮቴው ድምፅ ቀጥ አለ። ከዚያ ፈረሱ አሽካካ።

«ዙሪያውን እያየ ነው፤ አንተን የሚፈልግ ይመስለኛል» አለኝ ሰውዬው።

ልጄ ከሶፋው ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ነገርኳት።

«ዋት?» አለችኝ።

በአማርኛ ሳናግረው የሚሰማኝ አንድ ፍጡር ነበረኝ፤ እሱንም ሸጥኩት።