እኔን መዝግቢኝ

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን እስክስታና በዘፈን የሚሠራ ቲያትር አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው በሩ ላይ ቆሙና «እህቴ፣ ምዝገባ አለ?» አሉኝ። ደብተሬን ከፍቼ «የልጁ ስም ማን ይባላል?» ስላቸው፣ «የምማረውስ እኔ ነኝ፤ እኔን መዝግቢኝ» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ምን ሊያደርግልዎ ነው?» አልሁ። «የመጨረሻዋ ልጄ አገር ቤት ትማራለች። የትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ልጅ ሁሉ ከወላጁ ጋር ይጨፍራል ተብሎ፣ ‹አባዬ ትመጣለህ?› አለችኝ በስልክ። እመጣለሁ አልኋት። እኔ ግን በሠርጌ ቀን እንኳ አልጨፈርሁ።»

እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ከልጆቹ ኋላ አቆምኋቸው። ከበሮው ሲመታ ትከሻቸው ደርቆ ይቀራል፣ ጭንቅላታቸው ብቻ ይወዛወዛል። የሰባት ዓመት ተማሪዬ ሰልፏን ትታ ሄደችና «አባባ፣ አንገትዎን ይተዉት፣ ትከሻዎን ብቻ!» አለቻቸው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እሷው አለማመደቻቸው። አጨዳው አልቆ አገራቸው ከገቡ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ጊዜ ደወልሁላቸው። «እንዴት ሆነልዎ?» ስላቸው፣ «ትከሻዬማ እምቢ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ» አሉኝ። ክው አልሁ። «ልጅዎስ?» አልሁ ፈራ ተባ እያልሁ። «እሷማ ከሁሉ በላይ ሳቀች። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ሮጣ ሄዳ ‹አንድ ጊዜ ድገሙልን› ብላ መምህሯን ለመነች።»