ከጎበና ጋር ተኳርፌ የበላሁት

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ማርታ፣ ሰው ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ «ምን አየህ» የሚለው የለም፤ «ምን በላህ» ነው የሚባለው። ያየውንማ ቢያወራ ማን ያምነዋል። ታዲያ አንቺም ለሥራ ቻይና ልትሄጂ ነውና ስለ ምግቡ ጠየቅሽኝ፣ ደግ አደረግሽ። ስልክሽን እዚህ ጠረጴዛው ላይ አድርጊውና ይቅዳ፣ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ እንዳታቻኩዪኝ። አስካለ፣ አንቺም ተቀመጪ፣ ወጡ አያርም።

እኔ እዚህ አቃቂ ጨርቃ ጨርቁ ውስጥ የሽመና ክፍል ፎርማን ነበርኩ። ጎበና ደግሞ ዋና መካኒክ ነበር፣ አያቶቹ እዚሁ አቃቂ ገበሬ የነበሩ፣ «ፋብሪካችሁ የቆመው በአያቴ የጤፍ ማሳ ላይ ነው» እያለ የሚኩራራብን። ጓደኛዬ ነበር። ጎረቤቴም ነበር፣ አጥር ለአጥር። በአንድ ሰርቪስ እንሄዳለን፣ በአንድ ሰርቪስ እንመለሳለን፣ ምሳ ዕቃችንን ገልብጠን አንድ ላይ ነው የምንበላው። እና አንድ ፋሲካ ቅርጫ ገባን፣ የሰፈር ሰው ተሰብስቦ አንድ በሬ አረድን፣ ጎበና ነው ቢላዋ የያዘው፣ መደቡ ተመደበ፣ ዕጣ ወጣ፣ እኔም መደቤን ይዤ ቤት ገብቼ ብፈትሽ፣ ብፈትሽ፣ ሻኛ የለበትም። የሰው ሁሉ መደብ ላይ ትንሽ ትንሽ ሻኛ አለ፣ የኔ ላይ የለም።

ደሜ ፈላ። አጥሩ ጋ ሄጄ «ጎበና፣ ሻኛዬስ?» አልኩት።

«የምን ሻኛ?»

«ቢላዋውን የያዝከው አንተ፣ የጎደለው የኔ።»

«ሻኛህን በሬውን ጠይቀው፣ እኔን ምን ትለኛለህ» አለኝ።

ታዲያ ይሄ ይባላል? በፋሲካ? እኔም እዚያው አጥሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ወዳለህበት ትሪ እጄን ብሰድ፣ ማርያምን፣ እጄ ይቆረጥ» አልኩ። እሱም ማለ፣ የሱ ከኔ ይብሳል፣ አልደግመውም። ተኳረፍን። ሰርቪስ ላይ እሱ ፊት ከተቀመጠ እኔ ኋላ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ፣ አልዋሽሽም፣ ምሳ ዕቃዬን ብቻዬን ስከፍት ምግቡ አፈር አፈር ይለኝ ነበር፣ ግን ወንድ ነኝ፣ ምያለሁ።

ታዲያ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት እንደሆነው ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። «ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ካልገባ የሽመናው ክፍል ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ይበተናል። ጣሊያን ያለውንም ቻይና ያለውንም አይታችሁ በአንድ ቃል ይሄ ይሻላል በሉኝ። ሁለት ቃል ይዛችሁ ከመጣችሁ አልገዛም» አለ። እኔ ጎበናን አላየሁት፣ ጎበናም እኔን አላየኝ፣ ሁለታችንም መስኮቱን እያየን «እሺ» አልን። የሰው እንጀራ በሁለት የተኳረፉ ሰዎች አፍ ላይ ተንጠለጠለልሽ።

ጣሊያን ደረስን። ማሽኑን የሚሸጠው ሰውዬ ደህና ሰው ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ምግብ ቤት ወሰደን፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በቀን ሻማ የሚበራበት፣ አስተናጋጁ ሚኒስትር የሚያክል። ፊቴ ሹካ በሹካ ሆኗል። ለአንድ አፍ ይሄ ሁሉ ሹካ ምን ይሠራል? ግን ዞር ስል ለየሰዉ ለየብቻ ሰሃን ነው፣ ማንም ከማንም አይነካካም። ይሄ አገር ለተኳረፈ ሰው የተሠራ ነው አልኩ በሆዴ፣ እግዜር ይስጠው።

ብዙም ሳልቆይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው፣ አንድ ትልቅ ሰሃን፣ የጥጃ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ አይብ ተነስንሶበት፣ እኔና ጎበና መሃል ዱብ። ለሁለታችን መሆኑ ነው። ሽታው፣ ማርታ፣ ልብ ያጠፋል። እኔ አልነካሁትም፣ እሱም አልነካውም። ሰውዬው በእጁ ብሉ ብሉ ይላል፣ እኛ ፈገግ እንላለን። አስተናጋጁ መጣ፣ አየ፣ ሄደ። ቆይቶ ቆቡ ጣሪያ የሚነካ ወጥ ቤቱ ራሱ መጣ፣ ሰው የሞተበት መስሎ፣ «ምን አጠፋሁ» ነው ነገሩ። ሰው ሊያለቅስ ነው። ያኔ ጎበና ጨነቀውና አማተበ፣ ወደ ሰማይ አመለከተ፣ ወደ ሥጋው አመለከተ፣ ጣቱን ነቀነቀ። ጾም ላይ ነን ማለቱ ነው። ወጥ ቤቱም ገባውና አብሮ አማተበ፣ ሥጋውን አነሳው።

የምን ጾም? ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። በሃምሳው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳን በማይጾምበት፣ ጎበና ጾም አወጀብን። እኔ ደግሞ ውሸት ነው እንዳልል ከሱ ጋር መነጋገር ሊሆንብኝ ነው።

ማሽን ሻጩ ሰውዬ እግዚአብሔርን የሚፈራ ኖሮ ከዚያ በኋላ በየሄድንበት ቀድሞ ይደውላል መሰለኝ፣ ገና ከመቀመጣችን የተቀቀለ ቆስጣ ይመጣል። ጠዋት ማሽን፣ ቀን ቆስጣ። ማታም ቆስጣ። እሱ ፊታችን ጥብሱን ሲቆርጥ ይሰቀቅና በእጁ ከለል ያደርግልናል፣ እንዳንፈተን። ማርታ፣ አትሳቂ፣ ሰው እኮ ነኝ።

እና አንድ ቀን ከሰዓት ትንሽ ልረፍ ብዬ ከሆቴሉ ሹልክ አልኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዛደሩ ቆሞ የሚበላባት ጠባብ ቤት አይቼ ነበር። ገባሁ፣ በጣቴ አሳየሁ፣ ትኩስ ዳቦ ከፍቶ የበሬ ጥብስ አጭቆበት ሰጠኝ፣ ጭማቂው በእጄ ላይ እየወረደ ገመጥኩት። የነጭ ጠረጴዛ ልብሱ ቤት ሺህ ጊዜ ይቅርብኝ። እየገመጥኩ ቀና ብል፣ ከባንኮኒው ማዶ ጎበና። ጉንጩ ተወጥሯል፣ ጺሙ ላይ ወጥ አለ። እሱ አየኝ፣ እኔ አየሁት። ሁለት ጾመኞች። ጀርባውን ሰጠኝ፣ ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ግን ሰርቄ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀ ነው። እኔም ዳቦው ሊያንቀኝ ደረሰ። ማታ ቆስጣችንን አቀርቅረን በላን።

ከዚያ ቻይና ሄድን። እዚያ የምታስተረጉምልን ሄለን የምትባል የኛው ልጅ ናት፣ እዚያው የምትማር፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ትወስደናለች፣ የልጅ ዱካ በመሰለች በርጩማ ላይ ቁጭ ስል ጉልበቴ አገጬ ጋ ይደርሳል፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ሆዱ ውስጥ ሥጋ ያለበት ሊጥ ይሰጡናል፣ ግሩም ነው፣ ስትሄጂ እሱን እንዳታልፊ። ለየብቻ ሳህን ስለሆነ መሐላዬም ደህና ነበር። ችግሩ ሥራው ነው። ማሽኑ ፊት ቆመን እኔ ለሄለን «ለዚያ ሰውዬ ንገሪልኝ፣ ይሄ ክር ይበጥሳል» እላለሁ፣ እሱ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ክሩን የሚበጥሰው ያንተ ሠራተኛ ነው» ይላል። ሁለተኛው ቀን ላይ ልጅቷ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ ተሾመ፣ ጋሼ ጎበና፣ እኔ የተቀጠርኩት ከቻይንኛ ወደ አማርኛ ላስተረጉም ነው እንጂ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አይደለም» አለችን።

እውነቷን ነው። አፈርን፣ ግን ማን ይጀምር?

በመጨረሻው ቀን የፋብሪካው ኃላፊ ምሳ ጋበዙን። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ። ጠረጴዛው ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት አለ፣ ምግቡ ሁሉ እሱ ላይ ነው፣ ዓሣው፣ ዳክዬው፣ ሾርባው፣ መስታወቱን ገፋ እያደረግሽ ከፊትሽ የደረሰውን ታነሻለሽ። ሁሉም ከአንዱ ሰሃን ነው። በቃ፣ ትሪ ማለት ነው። ጭንቅ ያዘኝ። ጎበና ካነሳበት ሰሃን ካነሳሁ መሐላዬ ፈረሰ፣ ካልበላሁ ደግሞ ሽማግሌውን አዋረድኩ። ታዲያ አንድ ብልሃት መጣልኝ፣ እሱ ሳይነካው ቀድሜ ካነሳሁ ከሱ ጋር በላህ አያሰኝም። ስለዚህ ዳክዬው ወደሱ ሲሄድ መስታወቱን ያዝ አድርጌ ወደኔ መለስኩት። ለካ እሱም ያንኑ አስቧል። ወደሱ መለሰው። ወደኔ ሳብኩት። ወደሱ ገፋው። ሄለን «ኧረ ጋሼ» ትላለች፣ ማን ይሰማታል፣ እኔም ጨክኜ ሳብ፣ እሱም ጨክኖ ገፋ፣ የሾርባው ጎድጓዳ ሰሃን ተነስቶ የሽማግሌው ጭን ላይ ዘፍ።

ሽማግሌው እርጥብ ሱሪያቸውን ያያሉ፣ ደግነቱ ሾርባው በርዷል፣ ሠራተኞቻቸው እኛን ያያሉ። እኔ በዓይኔ የመጣብኝ አቃቂ ነው፣ የሽመናው ክፍል ተዘግቶ፣ ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው። «በምን ምክንያት ተዘጋ?» «ፎርማኑና መካኒኩ ዳክዬ ሲጓተቱ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው ሄለንን አንድ ነገር ጠየቋት። እሷም ነገረቻቸው፣ ሁሉንም፣ በሬውን፣ ሻኛውን፣ መሐላውን፣ ሻኛ ምን እንደሆነ ሊገባቸው ስላልቻለ ትከሻዋን እየመታች አሳየቻቸው። እኔ ይቆጡናል ስል እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፣ ሄለንም ቃል በቃል አስተረጎመችው፦ «እኔም ታናሽ ወንድም አለኝ። እዚሁ ከተማ ነው ያለው። በእናታችን ቤት ተጣልተን አብረን ከበላን ብዙ ጊዜ ሆነን። እናንተ ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችኋል።»

ማርታ፣ ይሄን ስሰማ ጎበናን ቀና ብዬ አየሁት፣ እሱም ፊቱ ተለዋውጧል። ብድግ አለ፣ እጁን ታጥቦ መጣ፣ እነዚያን እነሱ የሚበሉባቸውን ሁለት እንጨቶች ወዲያ አላቸው፣ የሰላጣ ቅጠል ዘረጋ፣ ከዳክዬውም ከሌላውም በእጁ ዘግኖ ጠቀለለ፣ ጡጫዬን የሚያክል ጉርሻ፣ አፌ ፊት አምጥቶ ገተረው።

«ተሾመ፣ በሞቴ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ስሜን ጠራ። ምን ላድርግ? መሐላዬን በሆዴ መረመርኩት፣ እጄን ብሰድ ነው ያልኩት፣ አፌን ብከፍት አላልኩም። ከፈትኩ። ለካ ጎበና ያንን ቀይ የደረቀ በርበሬያቸውን ከነነፍሱ ጠቅልሎታል። እሳት ነው የጎረስኩት። ዕንባዬ ዱብ ዱብ፣ መትፋት አይቻል፣ መናገር አይቻል። ሽማግሌው ሳለቅስ አዩና አለቀሱ፣ ሄለን አለቀሰች፣ ጎበና ደግሞ «አይዞህ ወንድሜ፣ ያለፈው አልፏል» እያለ ጀርባዬን ይመታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ በርበሬው ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

ከዚያ እንደገና ጠቅልሎ መጣ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ። እኔም በተራዬ መሐላውን ጥዬ እጄን ሰደድኩና አጎረስኩት፣ በርበሬ አብዝቼ። ሽማግሌው ቁጭ ብለው ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ምን እናድርግ፣ አጎረስናቸው።

በማግስቱ ስለ ማሽኑ አንድ ቃል ነበርን፣ የቻይናው ይሁን አልን። ጎበና «የጣሊያኑም አይከፋም ነበር፣ ግን ያንን ቆስጣ ሁለተኛ ባላየው» አለኝ። ማሽኑ ገባ፣ ክፍሉም አልተዘጋ። የንስሐ አባቴ መሐላ ስላፈረስኩ ስግደት አዘዙኝ፣ እያዘዙም ይስቁ ነበር። ማሽኑን ሊተክል የመጣው ቻይናዊም ነገረን፣ ሽማግሌው ከኛ በኋላ ወንድማቸው ቤት ሄደው፣ ምንም ሳይናገሩ በእጃቸው ሊያጎርሱት ቢሉ፣ ወንድምየው ደንግጦ ጣታቸውን ነከሳቸው አሉ። ጣታቸው ተጠቅልሎ አብረው በሉ።

ታዲያ ማርታ፣ ቻይና ስትሄጂ የምልሽ ይሄን ነው፣ ሰው የሚታረቀው በአፍ ነው፣ ግን በወሬ አይደለም። እኔና ጎበና ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግረን፣ ያንን ሁሉ ቆስጣ በልተን፣ የሰው ሱሪ አበላሽተን ነው እንደገና አንድ ትሪ ላይ የቀረብነው። አስካለ፣ አንቺ ምን ያስቅሻል?

«ምን ያስቀኛል፣ እናንተው ናችሁ እንጂ። ባሕር ተሻገርን ትላለህ፤ እኔና የጎበና ሚስት ጫልቱ እናንተ ሥራ ስትገቡ በጓሮ በኩል እየተገናኘን፣ ያን ሁሉ ዓመት ምሳችንን አንድ ትሪ ላይ ነው የበላነው። አንድ ቀን አላስታጎልንም።»