ከኋላ ወንበር ማን ይቀመጥ ነበር?

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ የምሳ ሰዓቷን ጠብቃ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የመጣችው ማንም እንዳያያት እየተመኘች ነበር። እንደ ምኞቷ አልሆነም። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ የልጇን የቋንቋ መምህር የፈተና ወረቀት ሊያስባዛ ወረፋ ይዞ አገኘችው። ከኮሌጅ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና ወረፋውን ለቀቀላት። እሷም በክንዷ ሥር የያዘችውን ጥራዝ ይበልጥ ወደ ብብቷ ሸጎጠችው።

ይህች ሴት ክፉ ክፉው የሚታያት እናት ናት። ቀኑን ሙሉ የታማሚ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ የምትውል ሰው ሌላ ምን ይታያት? ልጇ ካሳለች ሳንባ ነው፤ ከዘገየች መኪና ነው። ሰሞኑን ደግሞ እንቅልፍ የነሳት የትምህርት ቤቱ ጥናት ነው። ተማሪዎቹ ስለ ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔትና ስለ ዘመኑ አንድ አንድ ጥያቄ መርጠው እንዲያጠኑ ታዘዋል። ጥናቱ የዓመቱን ውጤት ግማሽ ይይዛል፤ የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። ልጅቷ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀች የመረጠችው ጥያቄ፣ የሰውየው ተውኔቶች ሲታዩ ከኋላ ወንበር ማን ይቀመጥ ነበር የሚል ነው።

ባለሱቋ ጥራዙን ተቀብላ ገለጥ አደረገችና፣ «ይቺን ጥራዝማ አውቃታለሁ። ያለ ሰው ብትላክም መንገዱን አትስትም፤ ዘንድሮ እንኳ ስትመጣ ሦስተኛዋ ነው» አለች።

መምህሩ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሽፋኑን አነበበ። የእናትየው ፊት ጋለ። ከተያዘች ወዲያ መሸሹ እንደማያዋጣት ስለገባት፣ እውነቱን ተናገረች።

«መምህር፣ አልዋሽዎትም። የእህቴ ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ጥሩ ውጤት ያገኘበት ጥናት ነው። የእኔዋ የያዘችው ጥያቄ መልሱ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። መቼ ተወለደ፣ ስንት ተውኔት ጻፈ ብላ ብትሠራ ምን ነበረበት? ባዶ ወረቀት ይዛ ትመጣና ትወድቅብኛለች።»

«እትዬ፣ መልሱ ተጽፎ ካለቀ ለእሷ ምን ይቀራታል? መገልበጥ ብቻ።»

«ትገልብጣ። እኔስ ካርድ ገልባጭ አይደለሁ? ይኸው ልጅ አሳድጌበታለሁ።»

መምህሩ ሳቅ አለ። ከዚያ ካርድ ስትገለብጥ አንድ ቁጥር ብትስት ምን እንደሚሆን ጠየቃት። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለቴ ሳታይ ከእጇ እንደማይወጣ ነገረችው። ይህንንስ ጥራዝ ሁለቴ አይተውታል እንዳይላት ፈርታ መሬት መሬት ታይ ጀመር። እሱ ግን አላሳፈራትም፤ ጥራዙን ከባለሱቋ ተቀብሎ አንድ ገጽ ገለጠና በቀስታ አነበበላት፦ የጸሐፌ ተውኔቱ የመጀመሪያ ሥራ ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ በትልቁ አዳራሽ ለሕዝብ ታየ።

«የቱ ትልቁ አዳራሽ?» አለች እናትየው። «ገበያው ማዶ ያለው? እሱማ ሲሠራ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ግድግዳውን ከለሰኑት አንዱ ነው። ሰውየው ያኔ ጸጉሩ ጥጥ መስሎ በከዘራ ነበር የሚሄደው።»

ባለሱቋ የፈተናውን ወረቀት ማባዛት ጀምራ ነበር፤ መምህሩ የማሽኑ ድምፅ እስኪቆም ጠበቀና እንድትቀጥል ለመናት። ቀጠለች። ለአባቷ ምሳ ስታደርስ ሽማግሌው ጸሐፌ ተውኔት ያላለቀው መድረክ ላይ ይወጣና ሠራተኞቹን ከመጨረሻው ግድግዳ ሥር ያቆማቸው ነበር። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አንድ ነገር ተናግሮ፣ ምን እንዳለ ይጠይቃቸዋል፤ ካልሰሙ መሐንዲሱ ይጠራል። አዳራሹ የተመረቀ ዕለት ለሳኞቹንና ግንበኞቹን ከነልጆቻቸው ከኋላ አስቀመጣቸው። እሷም የአባቷን ካፖርት ታቅፋ ተውኔቱን እስከ መጨረሻው አየች።

«ልጅዎ ይህን ታውቃለች?»

«ማን ጠይቆኝ።»

«እሷ ናታ እየጠየቀች ያለችው» አለ መምህሩ። «ዘንድሮ ሁለት ተማሪዎች ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይዘውልኝ መጥተዋል። የእርስዎ ሦስተኛ ሊሆን ነበር። አንዳቸውም አዳራሹ መቼ ተሠራ ብለው አልጠየቁም።»

እናትየው ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። እሷ ራሷ ተሳስታ ቢሆንስ? የስድስተኛ ክፍል ልጅ የምታስታውሰው ምን ይታመናል? መልሱ ባይገኝስ፣ ልጅቷ ምን ይውጣታል? መምህሩ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ፣ ከተማሪዎቹ ያጣው ይህንኑ ጥርጣሬ እንደሆነ ነገራት። ልጅቷ መልሱን ባታገኝ እንኳ የት ፈልጋ፣ ማንን ጠይቃ፣ ምን እንዳጣች በሐቅ ከጻፈች እንደማይጥላት ቃል ገባላት።

እውነትም ተማሪ የራሱን ጥያቄ ሲመርጥ የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም። የተገለበጠ ስሕተት ከሰው ወደ ሰው መሄዱን ያቆማል፤ ዝም ብለው የኖሩ ሰዎች ይናገራሉ፤ ልጅም የወላጁን ዕድሜ እንደ ከንቱ ነገር ማለፉ ይቀራል። እናትየው ጥራዙን ከመምህሩ እጅ ተቀብላ ሳታስባዛ ወጣች።

ከሥራ ስትመለስ ልጅቷን ደብተሯን ዘርግታ አገኘቻት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የአዳራሹን ነገር ነገረቻት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ «ስንተኛው ረድፍ ላይ ነበርሽ፣ እማ?» አለቻት።

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመጨረሻው ሁለተኛው ላይ። ግራ በኩል፣ ከዓምዱ አጠገብ። ቆይ ግን፣ አሁን አትጻፊው። ከአባቴ ጋር ይሠራ የነበረው አናጺ በሕይወት አለ፤ ነገ እንሄዳለን። የእሱ ከእኔ ካልገጠመ ሁለታችንንም ጻፊን።»