ከዜሮ በታች የተወለዱት መሪጌታ

እኔ የምለው፣ ጊዜ የሚጀምረው ከየት ነው? ደባርቅ ላይ የሰፈራችንን እድር አባላት የሚመዘግብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የልደት ቀን እንደኛ ልማድ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሰከንድ ይመነዝረዋል። ለወጣቶቹ ሁሉ እሺ አለ። የዜማ መምህሩ መሪጌታ ጋ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ከነመቀነስ ምልክቱ መጣና ፕሮግራሙ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ መለሳቸው።

"አልተወለድክም ነው የሚለኝ?" አሉ ደንግጠው። "ታዲያ እድሩ ያልተወለደ ሰው ይቀብራል?"

"ኧረ የለም መሪጌታ! ኮምፒውተር ሰከንድ የሚቆጥረው ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ነው። እርስዎ ከዚያ በፊት ስለተወለዱ ከዜሮ በታች ሆኑበት።"

"በዚያ ቀን ማን ተወለደ?"

"ማንም።"

"እኛ ዘመን የምንቆጥረው ከጌታ ልደት ነው። እናንተ ማንም ሳይወለድ ነው የጀመራችሁት?"

ሲያስተምሩኝ እንዲያ ነው ያሉኝ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መሪጌታ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣

"ማንም ካልተወለደበትማ" አሉኝ፣ "ቆጠራውን ከእኔ ልደት ጀምረው።"