አምስት እጆች የዘጉት ክፍል

ክቡር ከንቲባ፣ ክቡራን የትምህርት ቦርድ አባላት፣ የተከበራችሁ የሊንደን ፎልስ ከተማ ሰዎች፤ በዚህ ንፋስ ኮፍያችሁን አውልቃችሁ ስለቆማችሁ አመሰግናለሁ። ራሰ በራዎች ግን መልሳችሁ አድርጉ፤ ሚስስ ሃውገን ሰው በብርድ ሲቀጣ አይወዱም።

እኔ ሲግሪድ ነኝ። "ከተማሪዎቿ አንዱ ይናገር" ብላ ያቆመችኝ ልጃቸው ናት። ሚስስ ሃውገን ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክና ሥነ ዜጋ አስተማሩ። ማንን? እናንተን፤ ከዚያ እኛን።

ክቡር ከንቲባ፣ ያስታውሳሉ? አምና ትምህርት ቤቱ በር ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ይቀባልን ብለን ፊርማ ይዘን መጣን። "ልጆች፣ ይሄ የእኔ ሥልጣን አይደለም" አሉን። ሚስስ ሃውገን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በስምዎ ጠርተው፣ "ጋሪ፣ ይህን ጥያቄ ተማሪዬ ሳለህም ፈተና ላይ ስተኸዋል" አሉዎት። መሻገሪያው በሳምንቱ ተቀባ። ጠማማ ነው፤ ግን ተቀባ።

መጋቢት ላይስ? ቦርዱ የሚስስ ሃውገንን የታሪክ ክፍል ለመዝጋት ተሰበሰበ። አምስቱም አባላት የእሳቸው ተማሪዎች። ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ። ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀባችሁ! የቦርዱ አባል ሚስተር ብራንት፣ "ታሪኩን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያገኙታል" ብለዋል። ስልኬን ላሳይዎት? ያለው የድመት ቪዲዮ ነው።

አምስት እጅ ወጣ። እጅ ማውጣትን ማን አስተማራችሁ?

እናንተ ሌሎቻችሁስ የት ነበራችሁ? ሆኪ። ቡድናችን ያን ዕለት ለዋንጫ ይጫወት ነበር። እኔስ? ለሚስስ ሃውገን "እመጣለሁ፣ እናገርልዎታለሁ" ብያቸው ነበር። እኔም ሆኪ ሄድኩ። በነጋታው፣ "ስንት ለስንት ወጣችሁ?" ብቻ አሉኝ። ምነው በተቆጡኝ!

ዛሬ እዚህ አራት መቶ እንሆናለን፤ አበባ ይዘናል። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ለክፍሉ የቆመው አንድ ሰው ነበር። እሳቸውም ይኸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው።

ሚስስ ሃውገን፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ኅዳር ላይ የቦርድ ምርጫ አለ። ሚስተር ብራንት ባለፈው ያሸነፉት በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ነው። አምና ካስተማሩን አሥራ አራታችን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶናል፤ ትናንት ለመምረጥ ተመዘገብን። ሚስተር ብራንት፣ ይደምሩት፤ የሒሳብ ክፍል አልተዘጋም።

መምህራችን፣ ይቅርታዎን ዛሬ አልጠይቅም፤ አላፍርም እንዴ? በምርጫው ማግስት እመጣለሁ። እስከዚያ ደህና ይረፉ።