የአይደፈር ድርሻ

በንፋስ መውጫ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የትልን የሕይወት ዑደት በሰሌዳ ላይ ሥሎ በማስረዳት የሚስተካከለኝ የለም ብዬ እኩራራ ነበር። አምና በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዘመድ ልጠይቅ በእግሬ ወደ ገጠር ስወርድ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች ግን ኩራቴን አበረዱልኝ።

ከመንገዱ ዳር፣ መስኩ ላይ፣ አንድ በግ አንገቱን ወደ ግራ አጣሞ ባለበት ይዞራል። አጠገቡ የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ተክለ ማርያም ቢላዋ ይዘው ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር አይደፈር የሚባለው ውሻቸው ተጋድሟል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሰብለ ከወዲያ በኩል ደረሰች። የየኔታን ጉልበት ስማ ቀና ስትል ዓይኗ በጉ ላይ አረፈ።

“አዙሪት ነው፣ የኔታ።”

“አዙሪት መሆኑንማ ማን ያጣዋል፣ ልጄ። ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ይህን ለውብነሽ ሙት ዓመት ነበር ያሰብሁት፤ የጉና ነፋስ መታብኝ። ሳይሞት ልባርከው ብዬ ነው።”

ውብነሽ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ቀርቷል። በበረቱ የቀሩት አራት በጎች ናቸው። እነዚያም አንድ በአንድ ከዞሩ የኔታ የሚስታቸውን መታሰቢያ በባዶ እጃቸው ሊያደርጉ ነው።

“ጭንቅላቱስ ለማን ነው?” አለች ሰብለ።

“ለአይደፈር ነዋ። የታመመ በግ ጭንቅላት እኛ አንበላ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ውብነሽ ነበረች በእጇ የምትሰጠው።”

“እንግዲህ አይቆጡኝ፣ የኔታ። በጎችዎን የሚያዞረው ነፋስ አይደለም፤ ይኸው የአይደፈር ድርሻ ነው።”

የኔታ አልተቆጡም፤ ሳቁ። የቅኔ መምህር ተማሪው ሲስት እንዲህ ነው የሚስቅ።

“በይ አስረጂኝ። ውሻው እንደምታዪው ወዛም ነው። ደዌው ከእሱ ቢሆን እሱ አስቀድሞ አይታመምም ነበር?”

“አዙሪትን የሚያመጣው ትል እኮ በውሻው አንጀት ውስጥ ጨዋ እንግዳ ነው። የሚያኖረውን ቢገድል እሱስ የት ያድራል? ጥቂት እየተቃመሰ ዝም ብሎ ይኖራል። እንቁላሉ ግን ከኩሱ ጋር መስኩ ላይ ይወድቃል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይግጠዋል።”

“ጨዋ ከሆነ በጉን ስለ ምን ይገድላል?”

“በጉ ቤቱ አይደለማ፤ መሻገሪያው ነው። አንጎሉ ውስጥ ተቀምጦ ያዞረዋል። የዞረ በግ ከመንጋው ይቀራል፤ የቀረውን ቀበሮ ወይ ውሻ ይበላዋል። ያን ጊዜ ትሉ አገሩ ገባ ማለት ነው። እኛ ደግሞ መንገዱን አሳጠርንለት።”

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተማሪዎቼን “እናንተ ቤት የበጉ ጭንቅላት የት ይጣላል?” ብዬ አልጠየቅሁም። አፈርሁ።

የኔታ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። “ነገርሽ ያምራል፤ እኔ ግን ያላየሁትን አልመሰክርም” አሉ።

“ይባርኩትና አብረን እንየዋ።”

በጉ ታረደ። ሰብለ ጓንቷን አጥልቃ የራስ ቅሉን በመጥረቢያ ከፈተች። የዶሮ እንቁላል የሚያክል ውሃ የሞላው ከረጢት አንጎሉን ወደ ጎን ገፍቶ ተቀምጧል። በስስ ግድግዳው ላይ ሰሊጥ የመሰሉ ነጫጭ ፍሬዎች ተሰብስበዋል።

“እያንዳንዷ ፍሬ በአይደፈር ሆድ ውስጥ አንድ ትል ትሆናለች” አለች።

የኔታ ጎንበስ ብለው ፍሬዎቹን መረመሩ። “እኔና ውብነሽ ነና” አሉ፤ “በገዛ እጃችን ስናጎርሰው የኖርነው።” ከዚያ ውሻውን አዩት። “እንግዲህ ይገደል? በጎቹን ላድን ብል ከሷ የቀረኝን ላጣ ነው።” ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሰብለ አጠገባቸው ተንበረከከች። “ማን ይገደል አለ፣ የኔታ? መድኃኒት አለው። ይህችን ክኒን በፍትፍት ያጉርሱት። ሦስት ቀን አስረው ያቆዩት፤ ኩሱን እየሰበሰቡ ይቅበሩ። ትሉ አልፎ አልፎ ሰውንም ይይዛልና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በየሦስት ወሩ እኔው እየመጣሁ እሰጠዋለሁ። ጭንቅላቱን ግን አርቆ ቆፍሮ መቅበር ነው። የጎረቤት ውሻም ካልታከመ ድካማችን ከንቱ ነው።”

“የቀሩት በጎችስ ይተርፋሉ?”

“አስቀድሞ የገባበት ካለ ሊዞር ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ወደፊት የሚወለዱት ግን ይድናሉ።”

ከሁሉ ይልቅ የረታቸው ይህ ቃሏ ይመስለኛል። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ፤ እኔም አገዝኋቸው። አይደፈር ሽታው ደርሶት ሲያለቃቅስ የኔታ ጆሮውን እያሻሹ “ታገሥ፣ ልጄ” ይሉት ነበር።

በኅዳር መባቻ ለሙት ዓመቱ ተጠራሁ። ከአራቱ በጎች አንዱ በመሐሉ ዞሮ ነበር፤ ሦስቱ በደኅና ደረሱ። ከሦስቱ እርጉዟ ተትታ ሁለቱ ታረዱ። ጎረቤታቸው ላቀው እንደ ልማዱ አንዱን ጭንቅላት አንሥቶ ለውሾቹ ሊወረውር ሲል የኔታ እጁን ያዙት፤ ሰብለ ያስረዳቻቸውንም አንድ በአንድ ነገሩት።

“ውብነሽ ብትኖር ትሰጣቸው አልነበር፣ የኔታ?” አለ ላቀው ቅር ብሎት። “በእሷ ቀን ይከለከላሉ?”

“ትሰጣቸው ነበር፤ ስለምትወዳቸው። ውሻ ይታከማል፣ ላቀው፤ በግ ይረባል፤ ልጆቻችንም በመስኩ ሲጫወቱ ደዌ አይለቅሙም። ሳናውቅ ያደረግነውን እግዚአብሔር ይቅር ይለናል። እሷ ሳታውቅ ሞተች፤ እኛ ግን አውቀናል።”

ላቀው ጭንቅላቱን ለየኔታ አስረከበ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና “አካፋ ስጡኝ” አለ።